ወርቁ ያብረቀርቃል፣ ሌጦው ቆሻሻ ላይ ተጥሏል!

የዛሬውን ወግ ከቆሻሻ ገንዳ ስጀምር አፍንጫችሁን እንዳትይዙብኝ አደራ። ነገሩ የአገር ኢኮኖሚ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው።

በፋሲካ ማግስት ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የሰፈራችን ገንዳ እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁት። የሞላው በሌላ ነገር አይደለም፣ በበግ ሌጦ ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ቡላ፣ ዥጉርጉር... ደሙ በቅጡ ሳይደርቅ ውሾች ይጎትቱታል፣ ዝንብ ወሮታል። እኔም የራሴን ሌጦ ጨው ነስንሼ ጥግ አስይዤው ስለነበር በበሬ ሲያልፍ የነበረውን ቆራሌ ጠራሁት። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ያረጀ ጫማ ሳይቀር የሚገዛ ልጅ ነው። አየት አደረገውና፣ «ጋሼ፣ እሱን እንኳ ይተዉት። የሚረከበኝ የለም። ከፈለጉ ሃያ ብር ይስጡኝና ልጣልልዎት» አለኝ።

አያችሁልኝ? እኔ ልሸጥለት ስጠራው፣ እሱ ሊያስከፍለኝ!

ለወጣት አንባቢዎቼ ላስታውስ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የበዓል ማግስት ሲነጋ «ቆዳ አለ! ሌጦ አለ!» የሚሉ ነጋዴዎች ሰፈሩን ያናውጡት ነበር። እናቶች በር ላይ ቆመው «ቢላ ነክቶታል»፣ «ኧረ አልነካውም» እየተባባሉ ዋጋ ያስጨምራሉ። የሌጦው ገንዘብ ሌላው ቢቀር የበዓሉን ሽንኩርትና ቅመም ይመልስ ነበር። ያ ሌጦ ከሰብሳቢው ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው ጣሊያን ድረስ ተጉዞ የፈረንጅ ጫማና ጓንት ሆኖ ይወጣል። የደጋው በጋችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ተመራጭ እንደሆነ የዓለም ቆዳ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው የሰፈራችን ገንዳ ብቻ ነው!

ይህን ይዤ ቤቴ ገባሁና ሬዲዮኔን ስከፍት የወጪ ንግድ ታሪክ ተሠራ ይላል። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ወደ ውጭ ከላከችው ዕቃ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል አገኘች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያገኘችው 3.8 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ጭብጨባው ተገቢ ነው፣ እኔም አጨበጨብኩ። ግን እጄን ሳወርድ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ይህ ሁሉ ዶላር ከምን የመጣ ነው? ሌጦዬ ከገንዳ ውስጥ ሆኖ «እኔ የለሁበትም» እያለኝ ነውና!

እስቲ አብረን እንደምር። ከ8.3 ቢሊዮኑ 3.5 ቢሊዮን ያህሉ ወርቅ ነው። ከ2.6 ቢሊዮን በላዩ ቡና ነው። ሁለቱ ተደምረው ከ6 ቢሊዮን በላይ ሆኑ። ማለትም ከየ4ቱ ዶላር 3ቱ ከሁለት ዕቃ የመጣ ነው። ሰሊጡ፣ ጥራጥሬው፣ አበባው፣ ጫቱ፣ ሥጋው፣ የቁም ከብቱ፣ ቆዳው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሌላው ሌላው ሁሉ ተጠራርቶ 2 ቢሊዮንን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

አሁን ደሞ ወደ ኋላ እንመለስ። በ2003 በጀት ዓመት ጠቅላላ የወጪ ንግዳችን 2.75 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ 840 ሚሊዮን ያህሉን ቡና፣ 460 ሚሊዮን ያህሉን ወርቅ እናንሳለት። ለቀረው ዕቃ ሁሉ ከ1.4 ቢሊዮን የበለጠ ይተርፈዋል። እንግዲህ በ14 ዓመት ውስጥ ከቡናና ከወርቅ ውጪ ያለው ንግዳችን የጨመረው 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሕዝባችን በአሥር ሚሊዮኖች ጨምሯል፤ ዶላሩ ራሱም የመግዛት ኃይሉ ቀንሷል። ይህን ዕድገት በሉት ካላችሁኝ እላለሁ፤ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

ወርቁስ ቢሆን እንዴት ጨመረ? መሬቱ ድንገት ወርቅ አላፈለቀም። በሐምሌ 2016 መንግሥት የብሩን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ተመንጥቆ ወጣ። ያን ጊዜ በኮንትሮባንድ በየድንበሩ ይሾልክ የነበረው ወርቅ ፊቱን ወደ ብሔራዊ ባንክ አዞረ። በላዩ ላይ የዓለም ዋጋ እየጋለበ በመጋቢት 2017 አንዱን ወቄት፣ ፈረንጆቹ የሚመዝኑበትን ማለቴ ነው፣ ከ3,000 ዶላር አሳለፈው። ከኮንትሮባንዲስት አፍ ወርቅ ማስጣል ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ኒውዮርክና ለንደን የወሰኑልንን ዋጋ የራሳችን ጉብዝና አስመስለን እንዳንሰክርበት። ዋጋው በወጣበት መሰላል ሊወርድ ይችላል። አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ሁለት ዓይን አለን እንበል፣ ቡናና ወርቅ። ለሁለቱም ሐኪሙ ውጭ አገር ነው!

የናይጄሪያን ታሪክ የሰማ ይህን ፍርሃት ይረዳልኛል። ናይጄሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ኦሎይቢሪ በምትባል የኒጀር ዴልታ መንደር ነዳጅ ከማግኘቷ በፊት የምትታወቀው በኦቾሎኒ፣ በካካዎና በፓልም ዘይት ነበር። በካኖ ከተማ የኦቾሎኒው ጆንያ እንደ ግብፅ ፒራሚድ ተቆልሎ ፎቶግራፍ ይነሳበት ነበር። ኢባዳን ውስጥ በካካዎ ገንዘብ የተሠራ ረጅም ፎቅ ዛሬም ቆሟል፣ ስሙም የካካዎ ቤት ነው። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል ግን ሹማምንቱ ገበሬውን ረሱት። የኦቾሎኒው ፒራሚድ ከካኖ ጠፋ። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ናይራው ተንገዳገደ፣ ኢኮኖሚውም በ2016 ወደ ኋላ ተመለሰ። እስካሁን ናይጄሪያ «ከነዳጅ ውጪ ያለውን ወጪ ንግድ እናስፋፋ» እያለች የጣለችውን ትለቅማለች።

እኛ ነዳጅ ወደ ውጭ አንልክም። ታዲያ ወርቅ ነዳጃችን እንዳይሆንብን እሰጋለሁ። ወርቅ ዋጋው ከፍ ካለ ገዢ አያጣም፤ ሹም እንቅልፉን ቢለጥጥም ይሸጣል። ሌጦ፣ ሰሊጥ፣ ሸሚዝ ግን እንዲህ አይሸጡም። መንገድ ይፈልጋሉ፣ ሰላም ይፈልጋሉ፣ ሕግ ይፈልጋሉ። ባጭሩ መንግሥት ይፈልጋሉ! ስለዚህ የአንድን መንግሥት ሥራ መመዘን የሚሻ ሰው ወርቁን ትቶ ሌጦውን ይመልከት።

እንመልከተው እንግዲህ። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት አለን፣ ከአፍሪካ አንደኛ ነን። ከአሥር ዓመት በፊት ቆዳና የቆዳ ውጤት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ነበር። ዛሬ የዚያን ግማሽ እንኳ አያስገባም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይህ ነው፤ መርካቶ ብትሄዱ የፕላስቲክ ጫማ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተደርድሯል። ምን ሆነ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት «ጥሬ ቆዳ አንልክም፣ እዚሁ አልፍተን ጫማ አድርገን እንሸጣለን» ብሎ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለበት። ሐሳቡ ሸጋ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን የውጭውን በር ዘግቶ የውስጡን ቤት ሳይሠራ ቀረ። ጥሬ ቆዳ የሚገዛው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ። ፋብሪካው ደሞ ማልፊያ ኬሚካል ከውጭ ለማስመጣት ዶላር ወረፋ ቆመ። ወረፋው ሳይደርሰው መግዛት አቆመ። ሰብሳቢው ከሰረ፣ ቆራሌው ተወው፣ ሌጦውም ገንዳ ገባ።

ጥፋቱ የመንግሥት ብቻ ነው ብል ውሸታም እሆናለሁ። በጎቻችንን እከክና መዥገር ይበላቸዋል፤ ቆዳቸው በቁማቸው ሳሉ ይበሳሳል። በየጓሯችን ስናርድ ቢላችንን እንደ ፈለግን እናስኬደዋለን። የዓለም ገበያም በሰው ሠራሽ ቆዳ ተጥለቅልቆ የጥሬው ዋጋ ወርዷል። ፋብሪካዎቹም ፍሳሻቸውን ወንዝ ውስጥ እየለቀቁ ከነዋሪው ጋር ተጣልተዋል። ይሁን። ግን እከኩን የሚያክም የእንስሳት ሐኪም፣ በየክፍለ ከተማው ንጹሕ ቄራ፣ ለፋብሪካው ማጣሪያ... እነዚህ የሰማይ ቤት ሥራዎች አይደሉም እኮ!

ከሌጦው ወደ ሰሊጡ ልሻገር። የሑመራ ሰሊጥ ነጭነቱና ጣዕሙ የታወቀ ነው። ቻይና ትገዛዋለች። እስራኤል ውስጥ ጣሂና የሚሠሩ ፋብሪካዎች «በሑመራ ሰሊጥ የተሠራ» ብለው በማሸጊያቸው ላይ ይጽፉታል፤ ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ሆኗል ማለት ነው። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ዶላር ያመጣ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲፈነዳ አዝመራው የሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር። በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ ወደ ሑመራና መተማ ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ መንገዱ ተዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ያ አካባቢ እንደ ድሮው አልሆነም። አንዱ መውጫ ፖርት ሱዳን ነበር፤ ሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ጀምራ በራሷ እሳት እየነደደች ነው። ሰሊጥ አጨዳው ከዘገየ ራሱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ይበተናል። ፖለቲከኞች እስኪታረቁ አይጠብቅም።

ሦስተኛው ሐዋሳ ነው። በሐምሌ 2008 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ «ሸሚዛችን አሜሪካን ሊያለብስ ነው» ተባለ። እውነትም ተጀምሮ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ከገጠር መጥተው ስፌት ማሽን ላይ ተቀመጡ። ግን ሦስት ነገር ተረሳ። አንደኛ፣ ጥጥ በአገራችን እያለ ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ነበር። ሁለተኛ፣ የልጆቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህ በዓለም ላይ ከልብስ ሠራተኞች ዝቅተኛው መሆኑ በ2011 ተጽፏል። ቤት ኪራይና እንጀራ ከዚያ በላይ ሲሆንባቸው ልጆቹ ጥለው ይሄዱ ነበር። ርካሽ ጉልበት እያሉ መኩራራት እስከዚህ ድረስ ነው! ሦስተኛ፣ ገበያው ሁሉ የተንጠለጠለው አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ፈቃድ ላይ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ፈቃዱን ስታነሳ ገመዱ ተበጠሰ። ትልቁ ባለ ፋብሪካ ገና ውሳኔው ሥራ ላይ ሳይውል ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ዋሽንግተን ፈረደች፣ አዲስ አበባ ተከራከረች፣ ቅጣቱን የከፈለችው ግን በሐዋሳ የተከራየችበትን አንድ ክፍል ለቅቃ ወደ እናቷ ቤት የተመለሰችው ልጅ ናት።

ከብቱስ? የአረብ አገሮች ደጃችን ላይ ናቸው፤ በግና ፍየላችንን ይወዱታል። በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ሥጋውን ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ያደርሱላቸዋል። ግን ቄራዎቹ ከአቅማቸው በታች ነው የሚያርዱት፣ እንስሳ አያገኙም። ከብት በሞላበት አገር! ለምን ቢሉ፣ ቆላው ውስጥ ያለው አርብቶ አደር ከብቱን በሶማሌላንድና በሌላውም ድንበር በኩል በእግሩ ነድቶ ቢሸጥ ጥሬ ገንዘብ ያገኛል፣ ስኳርና ልብስም ጭኖ ይመለሳል። የደጋው በግ እንዳይተካ ደሞ ሥጋው ቶሎ ስለሚጠቁር አረቦቹ አይመርጡትም። አርብቶ አደሩን ኮንትሮባንዲስት ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ከበርበራ ነጋዴ የተሻለ ዋጋ መስጠት ግን ማን ሞከረ?

አንባቢ ሆይ፣ «ይህ ሰው ዛሬ ሙሾ ሊያወርድ ነው የመጣው» እንዳትለኝ። የሚቻል መሆኑን የሚመሰክር አንድ ነገር አለን፣ አበባ። የዛሬ 25 ዓመት ገደማ የአበባ ኤክስፖርት የሚባል ነገር ይህ ነው አይባልም ነበር። ዛሬ ከኬንያ ቀጥለን በአፍሪካ ሁለተኛ ነን። ተአምር አልወረደም። ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ የሆነ መሬት ተሰጠ፣ ልማት ባንክ ረጅም ብድር አቀረበ፣ የግብር እፎይታ ተፈቀደ፣ አየር መንገዱ ጭነቱን ያዘ፣ ቀዝቃዛ መጋዘን ተሠራ። ማለትም ከእርሻው እስከ ሆላንድ ጨረታ ድረስ ያለው መንገድ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ ተዘረጋ። የአበባው ሠራተኛ ደመወዝና በዝዋይ ሐይቅ ላይ የሚነሳው አቤቱታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ አልሸፍነውም። ግን ለጽጌረዳ የተቻለ ለሰሊጥና ለሌጦ የማይቻልበት ምክንያት ምንድነው? ወይስ ሌጦ ስለሚሸት ነው?

በእኔ አስተያየት እንቅፋቱ ያለው ከማሳው እስከ ወደቡ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስንት ኬላ አለ? አንዱ የጉምሩክ፣ አንዱ የክልል፣ አንዱ የወረዳ፣ አንዱ ደሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ! ገመድ የዘረጋ ሁሉ ያስከፍላል። ሾፌሩ ይታገታል፣ መኪናው ይቃጠላል። እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ በ2009 መጀመሪያ ሲመረቅ ሸክሙ ይቀላል ብለን ነበር። ግን ባቡሩ ሑመራም ሆነ መተማ አይደርስም። ከዚያ እስከ ሐዲዱ ያለው መንገድ ያው የሾፌሩ የጸሎት መንገድ ነው።

ሌላው የዶላሩ ሕግ ነው። በ2014 ላኪው ካመጣው ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶውን ለባንኩ አስረክቦ 20 በመቶውን ብቻ እንዲይዝ ታዘዘ። በዚያ ዘመን ምን ተፈጠረ? አንዳንዱ ላኪ ንግዱን ትቶ ዶላር አዳኝ ሆነ። እንበል ቡናውን ወይም ሰሊጡን እዚህ በ100 ብር ገዝቶ ውጭ በ90 ብር ይሸጠዋል። አበደ? አላበደም። በእጁ በቀረችው ዶላር ብረት ወይም የመኪና ጎማ አስመጥቶ እዚህ በእጥፍ ይሸጥና ኪሳራውን ያወራርዳል። እውነተኛው ላኪ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ተወዳድሮ እንዴት ይቆማል? ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ሲለቀቅና ላኪው ግማሹን እንዲይዝ ሲፈቀድ ይህ በሽታ ቀለል ማለቱን መካድ አይገባም። ሆኖም ብሩ ሲረክስ ማልፊያ ኬሚካሉም፣ ማዳበሪያውም፣ ናፍጣውም አብሮ ተወደደ። ምንዛሪ ብቻውን ሌጦ አያለፋም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የኢኮኖሚ ሊቅ አይደለሁም፤ ሃያ ብር ከፍሎ ሌጦውን ያስጣለ ተራ ሰው ነኝ። ግን አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሪፖርቱ ሲነበብ ቡናና ወርቁ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ ይነበብልን። በአንድ ላይ ደምሮ ማስጨብጨብ ይቅር። ሁለተኛ፣ የኤክስፖርት ጭነት አንድ ጊዜ ከታሸገ በኋላ እስከ ጅቡቲ ማንም ገመድ እንዳይዘረጋበት ይደረግ፤ የዘረጋም ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የቆዳው ቀረጥ እንደገና ይታይ። ፋብሪካው ሊገዛው ያልቻለውን ሌጦ በጥሬውም ቢሆን ይሸጥ፤ ከገንዳ የባሰ ገበያ የለምና። አራተኛና ዋነኛው፣ ሰላም። በጦርነት መሃል የሚላክ ሰሊጥ፣ የሚሰፋ ሸሚዝ የለም። ለዚህ ደሞ ቢሮ ውስጥ የሚጻፍ መመሪያ አይበቃም፤ ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል።

ያ ቆራሌ ሌጦዬን በትከሻው አንጠልጥሎ ሲሄድ፣ «ቆይ እስቲ፣ ድሮ ይሄ ይሸጥ እንደነበር ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። «አባቴ የሚሠራው እሱን ነበር እኮ ጋሼ፤ በዚሁ ነው ያሳደገን» አለኝ።

ከዚያም ገንዳው አፋፍ ላይ ወርውሮት «ቆራሌው!» እያለ መንገዱን ቀጠለ።